የወንድሜ ሚስት እንቅልፍ

የወንድሜ ሚስት ፀጉር ሠሪ ናት። ጠዋት ከገባች ማታ እስክትወጣ እጇ ከሰው ራስ ላይ አይወርድም፤ የሚደክማት ግን እጇ ሳይሆን ጆሮዋ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሁሉ መጀመሪያ ስንት ልጅ እንዳላት ትጠይቃታለች፣ ቀጥላ መድኃኒት ታዝዝላታለች፣ ስትወጣ ደግሞ «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» ብላ ትመርቃታለች። እሷም «አሜን» ትላለች። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ አሜን ማለትም ያደክማል እኮ።

ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ኩንታል ዱቄት እንደ ትራስ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። እኛ ቤት እሱን ማንም ያልጠረጠረው ለዚሁ ነው። እናቴማ «ይሄን የመሰለ ጎረምሳ!» ብላ ነገሩን ገና ድሮ ዘግታዋለች። ስለዚህ የምትመረመረውም የምትወጋውም ሚስትየው ብቻ ሆነች። ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማየት ማህፀኗ ውስጥ ቀለም አስገብተው ራጅ አነሷት። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ቀጥታ ሥራ ገብታ፣ ወገቧን እየያዘች ፀጉር ስትተኩስ ዋለች።

በቅርቡ ደግሞ እናቴ ሌላ ጣጣ አመጣች። እሁድ ምሳ ላይ ለወንድሜ ትሆናለች ብላ የአንዲት ዘመዳችንን ልጅ ታነሳለች። ጨዋ ናት፣ ዘሯ ወላድ ነው ትላለች፣ ያውም ምራቷ ፊት። ወንድሜ ሳህኑን ያያል። ሚስቱ ሆድ ይፍጀው ብላ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

አንድ ቀን ስላዞራት ሐኪሙ ጋ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ሳንቀመጥ ባለቤቷ ዛሬም አልመጣም ወይ አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ብጠይቀው በትዕግሥት አስረዳኝ። ልጅ እምቢ ሲል ምክንያቱ ከሴቷም፣ ከወንዱም፣ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም አይታወቅም። የሷ ምርመራ ሁሉ ደህና ነው። የወንዱ ዘር ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ እሱ ሳይታይ ግን ሌላ መድኃኒት ማዘዝ በጨለማ መሄድ ነው አለኝ። ይሄንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሯታል።

ስንወጣ ያዝኳት። ለባሏ ያኔውኑ ነግራዋለች ለካ፤ እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ለምኗት ነው።

«አፈረ እትዬ። ምን ላድርገው፣ ባሌ አይደል?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ቆሽቴ እያረረ ቀጥታ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ እንደ ሁልጊዜው ሆዱን ለምድጃው አፍ ሰጥቶ ቆሟል።

«ሚስትህ በመርፌ ተበሳስታ አለቀች። አንተ አንዲት ብልቃጥ ከበደችህ?» አልኩት።

ዳቦው አረረበት። ከዚያ እንደሚፈራ ነገረኝ፤ እኔ ሆኜ ብገኝስ አለ። ብትሆንስ፣ ሰማይ አይደፋብህ አልኩት። በማግሥቱ አብሯት ሄደ።

የፈራው አልቀረም። ዘሩ ጥቂት ነው፣ ያለውም ደካማ ነው። ሐኪሙ የምድጃው ሙቀት ብቻ ነው ማለት እንደማይችል፣ ሙቀት ግን የወንድን ዘር እንደሚጎዳ ነገረው። ለጥቂት ወራት ከእሳት ይራቅ፣ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። ያም ካልሆነ የሁለቱን ዘር በላቦራቶሪ የማገናኘት ሕክምና አለ፣ ይሳካል ብሎ የሚምል ግን የለም። ወንድሜ ምድጃውን ለባልደረባው ትቶ መስኮቱ ላይ ዳቦ መሸጥ ጀመረ።

እሁድ መጣ፤ እናቴም ያቺኑ ልጅ አነሳች። ወንድሜ የያዘውን ጉርሻ መለሰው።

«እማዬ፣ ተይ። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። እሷ ምንም የለባትም፤ መጀመሪያም አልነበረባትም።»

እናቴ እሱን ትታ ምራቷን አፍጥጣ አየቻት። ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቀቻት። እኔ ዛሬስ ትናገራለች፣ የሆዷን ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ደስ እንኳ አላላትም።

«ደክሞኛል እማማ። ትንሽ ጋደም ልበል?»

መልስም አልጠበቀች፤ ጓዳ ገብታ የእናቴ አልጋ ላይ ከነጫማዋ ተኛች።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ተከትላት ገባች። በነገር እንዳትቀሰቅሳት ብዬ ከኋላ ሄድኩ። ያንን የሚያማትን ጉልበቷን መሬት ላይ አሳርፋ፣ የምራቷን የጫማ ማሰሪያ ቀስ ብላ እየፈታች ነው።

«በሩን ዝጊው፣ ትተኛ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ዘግቼው ወጣሁ። ወንድሜ ዕቃ እያጠበ ነበር።