የእማሆይ ሳጥን ውስጥ የገባው የኔ ጉድ

ትናንት የእማሆይን ሳጥን ስከፍት የጥጥና የድሮ እንጨት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው ክው ብዬ ቀረሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እማሆይ የአያቴ እህት ናቸው። ከመነኮሱ በኋላ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለችው ቤታቸው እኔን አሳደጉኝ። ሲሞቱ የሚገነዙበትን ነጭ ልብስ በእጃቸው ፈትለው፣ አሸምነው፣ በዚህ ሳጥን አስቀምጠው ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ያስመቱታል። "የመጨረሻ ልብሴን ብል እንዳይበላብኝ" ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ ልጅ ሆኜ እባብ አሳድግ ነበር! ከካብ ሥር ያገኘሁት፣ ቀጭን፣ መርዝ የሌለው። አሮጌ አገልግል ውስጥ ደብቄ፣ ክዳኑን በቀይ የፀጉር ሪባኔ አስሬ፣ እንቁራሪት አበላዋለሁ። እማሆይ እባብ ሲባል እንኳ የሚያማትቡ ሰው ናቸው።

አንድ የመስከረም ጠዋት አገልግሉ ባዶ ሆነብኝ። ወዲያው ከጓዳ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ሳጥኑ ተከፍቷል፤ የኔ ጉድ መገነዣው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"በስመ አብ! ጠሪዬ መጣ!" አሉ እማሆይ።

እባቡ አይጥ በበላችው የሳጥኑ ቀዳዳ ሾልኮ ጠፋ። እሳቸው ግን ሞት ራሱ መጥቶ መገነዣቸውን የለካ መሰላቸው። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ተናዘዙ፤ እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። ሁለት ቀን ሙሉ ጎረቤት ሊሰናበታቸው ሲመላለስ እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ገደልኳቸው አልኩ፣ በቃ።

በሦስተኛው ቀን እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እማሆይ፣ ይማሩኝ፤ የኔ ነው። የማሳድገው ነው።"

"እባብ? በኔ ቤት?" ብለው ብድግ አሉና በጥፊ አጮሉኝ። ሁለት ቀን ያልበላ ሰው ያን ጉልበት ከየት አመጣው! ከዚያ ግን "በይ ሽሮ ሥሪልኝ፣ አንቺ የማትረቢ" አሉ።

አገልግሉን ከነሪባኑ ወሰዱብኝ። ስለ እባቡ ዳግመኛ አላነሱም፤ መገነዣውንም ፀሐይ ሲያስመቱ እኔን አያስነኩኝም ነበር።

ብዙ ዓመት ኖሩልኝ። ትናንት ግን፣ አስጎብኚ ነኝና፣ እንግዶች እያስጎበኘሁ ሳለ ተደወለልኝ፤ ስደርስ አርፈዋል። የሚገንዟቸው ሴቶች ልብሱን አምጪ አሉኝ። ስዘረጋው አንዲት ትንሽ ጥቅል ወደቀች። ብፈታት እባቡ ያን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ከላዩ ገፎ የተወው ቆዳ ነው፤ ስስ፣ ደረቅ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይቀደድ። የታሰረው በቀይ ሪባኔ ነው።

"ኧረ በማርያም! ይኸ ደግሞ የማነው?" አለች አንዷ እያማተበች።

"የኔ ነው" አልኳት።