የወፍጮ ቤቱ ማነቆ

የልጅ ልጄ ማነቆ ብላኛለች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ፊት። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ እመቤት ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ናት፤ የምትማረውን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይሉታል። ለእረፍት ደባርቅ ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ድልድይ ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም፣ አባባ።»

«መኪናስ?»

«እሱ የሌሎቹ ነው። እኛ ሥራ ሳይጓተት እንዴት እንደሚሠራ ነው የምንማረው።»

«ለዚህ አራት ዓመት?»

«አምስት ነው፣ አባባ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ነው። የወፍጮውን ሞተር መፍታትና መግጠምም ያስተማረኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ሰዓት ትይዝ ጀመር። ጆንያ ሲገባ ትይዛለች፤ ሲመዘን ትይዛለች፤ ሲፈጭ ትይዛለች። ትምህርት ነው ብዬ ተውኳት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቷ ደሳለኝ ባለበት አንድ ወረቀት ዘረጋች። ሣጥን ሣጥን ተስሎበታል፣ በመካከሉ ቀስት አለ። ሁሉም ሣጥን ጥቁር ነው፤ አንዱ ብቻ ቀይ።

«ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ማነቆው ነው። ወረፋው የሚቆምበት።»

«የቱ ጋ ነው እሱ?»

ሽሮውን ማየት ጀመረች...

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ጥፋቴ ይህ ነው። እህል ከመቀበሌ በፊት ሰው እጠይቃለሁ። እናትሽ ተሻላት ወይ፣ በሬው ተገኘ ወይ እላለሁ። ገብሱንም በጥርሴ ሰብሬ አያለሁ። ካልደረቀ እቆጣለሁ፤ ባለቤቱ ይመልስልኛል፤ እኔም እመልስለታለሁ። በዚህ መካከል ወፍጮው ባዶውን ይዞራል አለች።

«መብራት ሲጠፋ ግማሽ ቀን ቁጭ እንላለን። እሱን ለምን በቀይ አልሳልሽውም?»

«እሱ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።»

እኔ ግን ወሰን ውስጥ ነኝ።

ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ መቼም ደክሞዎታል። በሩ ላይ ሰው ልቅጠርና እርስዎ ቤት ይረፉ።»

ማረፍ ይሉታል። ከዚያ በር ካነሡኝ ከግድግዳ ጋር ነው ተፋጥጬ የምውለው። ግን አልለመንኩም።

«ቅዳሜ ገበያ ነው» አልኳት። «ሰዓትሽን ይዘሽ ነይ። አንዲት ቃል ከአፌ ከወጣች ሰው ይቀጠር።»

ቅዳሜ ጠዋት አፌን ዘጋሁ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ዘውዴ ናት።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ሞላ?»

ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋት።

«ገብሴ ዛሬ አይቀመስም?»

ጆንያውን ከእጇ ተቀብዬ ሚዛን ላይ አወጣሁት። አስፈጭታ ስትጨርስ ግን አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ በሹክሹክታ ትቀበል ጀመር።

ረፋድ ላይ ወሬው ገበያው መሀል ደርሶ ነበር። አያ ሞላ ምላሳቸው ተያዘ ተባለ። መናኸሪያ ሲደርስ ደግሞ ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ ዘመድ ሞቶባቸዋል ሆነ። እህል ያልያዘ ሰው ይገባ ጀመር... ነጠላውን አዘቅዝቆ።

መሪጌታው መጡና እጄን ያዙኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎ።» እኔ ዝም። ወደ ደሳለኝ ዞሩ።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

መሪጌታው አዩት። «አንተ ገና አልተረዳህም ማለት ነው። አይዞህ ልጄ» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። መርዶ ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ እንደሚነገር ያውቃላ። ስልኩን አውጥቶ ዘመድ በዘመድ ይደውል ጀመር። አንዱ ደግሞ ለቅሶ ባለበት አይፈጭም ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ጆንያው ከበሩ እስከ መንገዱ ተደርድሮ ቀረ።

እመቤት ሰው እየገፋች መጣች። «አባባ፣ እባክዎ ይናገሩ።»

በጣቴ ወደ ስልኳ አመለከትኳት። ይቁጠር።

«ሰው አይቀጠርም። እኔው ለአባቴ እነግረዋለሁ።»

ደሳለኝን አየሁት። ዳባት ያለችውን እህቱን «ብቻ አንቺ ደህና ነሽ?» እያለ ላቡን ይጠርጋል።

«አይቀጠርም፣ አባባ» አለኝ። «ብቻ ማን እንደሞተ ይንገሩኝ።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። «ማንም አልሞተም። እህል የያዘ ይቅረብ። እህል ያልያዘ በሩን ይልቀቅ።»

ዘውዴ እፎይ አለች። መሪጌታው ግን ቅር አላቸው፤ ጸሎቱን ጀምረውት ነበር።

እመቤት ሥራዋን ለመምህሮቿ አቅርባ ጥሩ ውጤት አገኘች አሉ። አዲሱን ወረቀት አሳይታኛለች። ሁለት ቀይ ሣጥን አለው። አንዱ ስናገር ነው፤ አንዱ ዝም ስል። ሚዛኑንም ወደ በሩ አስጠግታው ሄዳለች። እዚያው ነው ያለው፤ ከባድ ስለሆነ ነው ያልመለስኩት።

እኔ ቦታዬ ላይ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ግን ከዛሬ ወዲያ ቃል አይወጣኝም፤ ብትጠይቁኝም አልመልስም።

ዝም ማለቴን አይታችሁ እግዜር ያጽናዎ ልትሉኝ የምትመጡ ካላችሁ... እህል ይዛችሁ ኑ።