ሲስተርን በሽማግሌ የጠየቅን ጊዜ

መነኩሲት በሽማግሌ ጠይቃ የምታውቅ ሌላ ከተማ ካለች ትምጣና ትከራከረኝ። እኛ ጠይቀናል። በዚህች በድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያጣብቅበት ሰዓት፣ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅና አንድ ካርቶን ጣፋጭ ሙሸበክ ተሸክመን ካቶሊክ ሲስተሮች ግቢ ገብተን "ልጃችሁን ስጡን" ብለናል። ዛሬ ሳስበው ፊቴን በነጠላ መሸፈን ያምረኛል። ያን ዕለት ግን እንደኔ ልቡ የሞላ ሰው አልነበረም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ ኋላ ደበቀችን እንዳትሉኝ። ሲስተር እናት ነበረቻት። እምድብር አጠገብ ካለች መንደር፣ ዓይናቸው በየወሩ እየደከመ የሄደ አሮጊት እናት። የሲስተሮቹ አለቃ ማዘር ደግሞ ይህን አይተው ሲስተርን ወደዚያው አካባቢ ትምህርት ቤት አዛውረዋታል፤ እናትየው ብርሃናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ የልጃቸውን ፊት ይጠግቡ ዘንድ። እኛ ይህን አናውቅም። እሷ አልነገረችንም፤ እኛም እናት ይኖራት ይሆን ብለን አስበን አናውቅም። ሲስተር ከነነጭ ልብሷ፣ ከነፊሽካዋ ከሰማይ የወረደች ነበር የሚመስለን። እንግዲህ እኛ "አትሂድብን" እያልን ስንራወጥ ከማን እጅ ልንነጥቃት እንደነበር እያወቃችሁ ስሙኝ።

እኔን ያስተማረችኝ ሕፃን ሳለሁ ነው። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ክፍል የሆነችውን ልጄን ታስተምር ነበር። ሒሳብ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ስፌት፣ መረብ ኳስ፣ ሁሉም እሷ ናት። መረብ ኳስ ስትጫወት የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ትይዘውና ከሥር እስኒከሯ ብቅ ይላል። ስትመታ እግዚኦ ነው! ኳሱን ለማቆም የሞከረ ጣቱን አሽቶ ይቀመጣል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይበረክትምና አንቺ ነበር የምንላት፤ ብንፈራትም አንቺ ነው።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ አለ። ማንጎ ሲደርስ፣ እንዳንሰርቅ፣ እሷ ከዛፉ ሥር ወንበር አውጥታ ደብተር ታርማለች። "እግዚአብሔር ሁሉን ያያል" ትለናለች ቀና ሳትል፤ "እሱ ግን መሐሪ ነው። እኔ ስም እይዛለሁ።" በረመዳን ግማሹ ክፍል ጾመኛ ስለሆነ እሷም ክፍል ውስጥ ውሃ አትጠጣም። ከንፈሯ ደርቆ ስንጥቅጥቅ ይላል፣ አትጠጣም። አንዷ ጓደኛችን "ሲስተር፣ አንቺም ሰለምሽ እንዴ?" ብትላት "ዝም በይ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" አለቻት።

ትልቁ ክርክራችን ሲስተር ፀጉር አላት ወይስ የላትም የሚል ነበር። እኔ የላትም ባይ ነበርኩ፤ በእናቴ እየማልኩ እከራከር ነበር። አንድ ቀን ለኳስ ስትዘል ነፋስ ሻሿን ወሰደው። አቤት ያን ጊዜ! ግቢው በሙሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ነበራት። እንደ ምልምል ወታደር አጠር ያለ፣ ግንባሯ ላይ ሸበት ጣል ያደረገበት። ሻሿን አንስታ አቧራውን አራገፈችና መልሳ አሠረች። "አያችሁ? አለኝ። በሉ ሰርቩን ምቱ።" እኔ በእናቴ ምዬ ስለነበር ቤት ስገባ እናቴን ደኅና መሆኗን ደጋግሜ ነው የጠየቅኳት።

እንዲህ ያለች ሰው ልትሄድብን ነው የሚል ወሬ ልጄ ይዛልኝ መጣች። ትምህርት የሚዘጋበት ሰሞን ነበር። እኔ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ልጄ ንፍጧንና እንባዋን አቀላቅላ ገባች። "ሲስተር ልትሄድ ነው! ሻንጣ አወጣች!" ደሜ ፈላ። ሱቄን ሳልቆልፍ ነው የሮጥኩት። ሲስተር መስኮት እየወለወለች አገኘኋት።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ማነው ያለሽ?"

"ማዘር።"

"ምን አጠፋሽ?"

ሳቀች። "ሲስተር የምትዛወረው ስላጠፋች ነው ያለሽ ማነው? ሂጂ ተባልኩ፣ እሄዳለሁ። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ታዝዘሽ መጣሽ፣ ታዝዘሽ ትሄጃለሽ።" ከዚያ ጨርቁን ሰጥታኝ "የላይኛውን አንቺ ወልውይልኝ፣ ቁመት አለሽ" አለች። ወለወልኩ! እየተናደድኩ፣ እያለቀስኩ፣ ወለወልኩ።

ማታ እራት ላይ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠችና "እማዬ፣ ከወደድናት ለምን አናገባትም? ያገባ ሰው እኮ አይሄድም" አለች። እኔ ሳቅኩ። በማግሥቱ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ሱቅ ላላቸው ሐጂ ለማሳቅ ያህል ነገርኳቸው። የሐጂ ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች በሙሉ በሲስተር እጅ ነው ያለፉት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ አሰቡ።

"ወላሂ ልጅቷ ልክ ናት" አሉ። "የሚወደድ ሰው የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው።"

"ሐጂ፣ ወላጆች ማመልከቻ እንጻፍ እያሉ ነው እኮ።"

"ተይኝ አቦ! ማመልከቻ መሳቢያ ነው የሚገባው። ሽማግሌ ግን ቤት ነው የሚገባ።"

ሁለተኛ ሽማግሌ ሙሴ ሆኑ። ሙሴ የምንላቸው የባቡር ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከባቡሩ የተረፋቸው ፈረንሳይኛና የሚያም ጉልበት ነው። ፈረንጅ ሁሉ ፈረንሳይኛ ይችላል የሚል እምነታቸውን ያስለቀቃቸው የለም። ሦስተኛው ላይ ተቸገርን። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት የድሬ ወንድ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ጫት ይቅማል፤ ከበርጫ ደግሞ ንጉሥም አያስነሳውም። "እኔ እሆናለሁ" አልኩ።

"ሴት ሽማግሌ አለ እንዴ?" አሉ ሐጂ።

"መነኩሲት ሙሽራ አለ እንዴ?" አልኳቸው።

ጢማቸውን አሻሹና ነጩን ጣቃ አሸከሙኝ። "ጥሎሽ ነው" አሉ። "ቀሚስ ትሰፋበታለች። ቀለሙን መቼም አንሳሳትም።"

ማዘር በረንዳ ላይ ተቀበሉን። ጣልያን ናቸው፣ ግን ዕድሜያቸውን አዲግራትና ሆሳዕና ነው የፈጁት። ሙሴ ከቤታቸው ጀምሮ ሲለማመዱት የመጡትን "ቦንዡር፣ ማ ሜር" ብለው ጎንበስ አሉ። ማዘር "እንደምን ዋሉ አባባ፣ ቤተሰብ ደኅና?" አሉ። ሙሴ ለቤተሰቡ ፈረንሳይኛ አልተዘጋጁም ነበር።

"ተቀመጡ" አሉ ማዘር።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ሐጂ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

እኝህ ሴትዮ ባህሉን ከእኛ በላይ ያውቁታል። "ገባኝ" አሉና ወሬ ጀመሩ። ሙቀቱን ጠየቁ። የሐጂን ስኳር ጠየቁ። ደቻቱ ወንዝ ዘንድሮ ይሞላ ይሆን ብለው ጠየቁ። እኛ ቆመናል። የሙሴ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጣቃው ክንዴን ገነጠለው። በመጨረሻ ሐጂ አላስችል ብሏቸው "ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው" ብለው አፈረጡት።

"የትኛዋን?"

"ሲስተርን።"

"ሙሽራውስ?"

ለዚህ አልተዘጋጀንም። ሐጂ እኔን አዩኝ። እኔ ሙሴን አየሁ። "ሁለተኛ ክፍል ነው" አሉ ሐጂ በመጨረሻ፣ "ሁለተኛ ክፍል በሙሉ።"

ማዘር አልሳቁም። አፋቸው ጫፍ ላይ ግን የሆነ ነገር ሲታገላቸው አየሁ። "ቁጭ በሉ አሁን" አሉ። ሙሴ ወንበሩ ላይ ሲወድቁ የተነፈሱት ትንፋሽ ግቢውን አዳረሰው። ከዚያ ማዘር "በእናንተ ባህል መልሱን ማን ይሰጣል?" አሉ።

"አባት። ዘመድ" አሉ ሐጂ።

"እኔ ደግሞ ልጅቱን ነው የምጠይቅ" ብለው ሲስተርን አስጠሩ።

ሲስተር መጣች፤ እጇ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ጣቃውን አየች፣ ሙሸበኩን አየች፣ እኔን አየች። ዓይኔን ሰበርኩ። ማዘር ረጋ ብለው ነገሯት። "እነዚህ ሰዎች እንድትቀሪ ሽማግሌ ሆነው መጡ። ዝውውሩን መሰረዝ እችላለሁ። አንቺ ምንድነው የምትፈልጊው?"

"ትእዛዝ ነው፣ ማዘር?"

"አይደለም። ጥያቄ ነው።"

ያቺ ክፍል ሙሉ ልጅ በዓይኗ ብቻ ጭጭ የምታሰኝ ሴት መልስ ጠፋት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አፏን ከፍታ ዘጋች። መሬት መሬት አየች።

ሐጂ ብድግ አሉ። "አልሐምዱሊላህ! በእኛ ሕግ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃዷ ነው! ተፈቀደልን!" ሙሴ አጨበጨቡ። እኔ እልል ልል ምላሴን አወጣሁ።

"አልፈቀድኩም፣ ሐጂ" አለች ሲስተር።

ምላሴ እንደወጣ ቀረ።

"መሄድ እፈልጋለሁ" አለች። ድምፅዋ ቀጠነ፤ እንዲያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። "እናቴ እምድብር ናት። ዓይኗ እየጠፋ ነው። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ፊቴን በእጇ ዳብሳ ነው ያወቀችኝ። እዚህ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፤ ማንም ከፍቶኝ አይደለም። ግን እናቴ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ።"

እኔ ምን ልላት ይገባኝ ነበር? "እግዚአብሔር ይማርልሽ።" ምን አልኩ? "ልጄስ?" አልኩ፣ በቁጣ፣ እንደ ተከዳ ሙሽራ።

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ስሳሳት በምታየኝ በዚያ አስተያየት። "ልጅሽ እናቷ አጠገቧ ናት" አለች። "የኔ እናት ልጇ አጠገቧ የለችም።"

አፈርኩ፣ ተናደድኩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሐጂ ግን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ራሳቸውን ያዙ። "አስተግፊሩላህ! ከእናት ልጅ ልንነጥቅ ነው እንዴ ጨርቅ ተሸክመን የመጣን? ጀነት በእናት እግር ሥር ናት እያልን ልጆቻችንን እያስተማርን?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ እናት እንዳላት አታውቂም?" "እርስዎስ?" አልኳቸው። ሙሴ "እኔም አላውቅም" አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐጂ ቆባቸውን አስተካክለው እንደገና ተነሡ። "ማዘር፣ ጎራ ቀይረናል። ከአሁን ጀምሮ እኛ የሙሽሪት ወገን ነን፤ ሰጪ ነን። ሰጪ ደግሞ ቃል ያስገባል። እናትየው በሕይወት እስካሉ ድረስ ይህቺን ልጅ ከዚያ እንዳታነሷት።"

ማዘር ፊታቸው ተለወጠ። ሲስተሮቹን ከአገር አገር ማዘዋወር የሳቸው ሥራ ነው፤ ተከራክሯቸው የሚያውቅ አለ ብዬ አልገምትም። ሲስተር "ሐጂ፣ ተው" አለች፤ እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። ሙሴም በዚያ ጉልበታቸው ተነሥተው ከጎናቸው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። "ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም" አልኩ።

ማዘር ሦስታችንንም አዩን። "ቃሌ ነው" አሉ። "እናቷ እስካሉ ድረስ።"

"ሜርሲ" አሉ ሙሴ።

"ምንም አይደል" አሉ ማዘር።

የዚያን ጊዜ እልል አልኩ። ሲስተር አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች፣ እንባዋ ደግሞ በጠመኔው ዱቄት ላይ ይወርዳል። ሙሸበኩን እዚያው ተቃመስነው። ነጩን ጣቃ ሐጂ "ለእናቷ አንሶላ ይሁን" ብለው አስረከቧት። ስትሄድ ሻንጣዋ አንድ ነበር፤ የሐጂ ጣቃ ግን ከሻንጣው ይበልጥ ነበር።

ልጄ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ሽማግሌ ሆነሽ ሄደሽ እንዴት ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ ነው ነገሩ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሱቄ ተቀምጬ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ፊሽካ ስሰማ ቀና እላለሁ፤ የሌላ ሰው ፊሽካ ነው። ትናፍቀኛለች፣ ምን እደብቃለሁ።

በቀደም እሑድ ስልክ ደወለች። እናትሽ ምን ይሠራሉ ብዬ ብጠይቅ "ሰላም በያት" ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው። አማርኛው ትንሽ ያስቸግራቸዋል፤ ሲስተር ከጎን እያቀናችላቸው ነው የሚያወሩት።

"ሽማግሌ የላክሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

አሁን ሊወርድብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። "አዎ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ መኖርዎን አላወቅንም።"

"የምን ይቅርታ!" አሉ። "እኩዮቿ ሁሉ በሽማግሌ ሲጠየቁ የኔን ደጅ የረገጠ የለም። እሷ 'ሲስተር እሆናለሁ' አለች፣ ሄደች፣ በቃ። ሴቶቹ ስለ ሴት ልጆቻቸው ጥየቃ ሲያወሩ እኔ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት። ምን አወራለሁ?"

ሲስተር ስልኩን ተቀበለቻቸው። እየሳቀች ነው፣ ድምፅዋ ግን ደኅና አልነበረም። እሷ ከመጣች ጀምሮ እናቷ የሐጂን አንሶላ ለብሰው ደጃፍ ቁጭ ይሉና አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ልጄ በሽማግሌ ተጠየቀች ይሏቸዋል አለችኝ። ማነው የጠየቃት ሲሏቸው፣ "ድሬዳዋ" ይላሉ።