ጩኸት የለመድኩበት ደጃፍ

ሰው «ስትፈጠሪም ጯሂ ነሽ» ሲለኝ እበሽቃለሁ። አልነበርኩም። ክፍል ውስጥ መልስ ስመልስ አስተማሪዬ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር።

ጩኸት የለመድኩት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ልደታ፣ ለውትድርና የሚደረገው አፈሳ ሲበረታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቤት ውስጥ ተደብቋል። የኔ ሥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ የቀበሌ ጠባቂ ብቅ ሲል ሰላምታውን ጮክ ማድረግ ነው። ወንድሜ ያንን ሲሰማ ቆጥ ላይ ወጥቶ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ይተኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ በቀጥታ ወደኛ መጣ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ!»

«ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ? ወንድምሽስ?»

«ገጠር ሄዷል!»

ገፋ አድርጎኝ ገባና አልጋ ሥር አየ። ይኼኔ ከቆጡ ላይ የታፈነ ሳል ተሰማ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪላጥ መሳል ጀመርኩ።

«ጉንፋን ነው ጋሼ! ሁላችንንም ጨረሰን!»

ሰውየው ቆጡን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ፌጦ ስጡት» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው።»

እሱ እንደወጣ እናቴ ስንቅ ቋጠረች። ወንድሜ በጓሮ በኩል ሊወጣ ሲል «ደህና ሁን!» አልኩት፤ ጮኬ ኖሯል፣ እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው።