ኤርቲና ከኋላ የመጣችው ጀልባ

ኤርቲ ጀሚሰን ጠንካራ ቀዛፊ አልነበረም። ደረቱ ደካማ ስለነበር የጀልባችን አለቃ ጊቢ ከሁላችንም ኋላ፣ ራሱ መሪውን ይዞ ከሚቀመጥበት አጠገብ አስቀመጠው፤ የዓሣ ጉበት የሚጠራቀምበትንም ባልዲ ሰጠው። ጊቢ የኤርቲ ሚስት አባት ነው፤ እንደ ውለታ ቆጥሮት ይሆናል።

እኛ የሼትላንድ ደሴቶች ሰዎች በበጋ ወደ ሩቁ ባሕር ስንወጣ የያዝነውን ዓሣ ጉበት በባልዲ እናጠራቅማለን፤ ለክረምት መብራት የሚሆን ዘይት ይወጣዋል። ባሕሩ ሲቆጣ ግን ያው ጉበት ተጨፍልቆ ውሃው ላይ ይጣላል። ዘይቱ ውሃው ላይ ሲሰራጭ ማዕበሉ ከፍና ዝቅ ማለቱን አይተውም፤ ጀልባ ላይ መናዱን ግን ይተዋል። አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሌላው ሰው በእፍኝ እየዘገነ ይወረውራል። ኤርቲ ግን ጉበቱን በዱላ እየወቀጠ እንደ ቀጭን ሾርባ ካደረገው በኋላ ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥባል።

"ሚስትህም ሾርባውን እንዲህ ነው የምታቀጥነው?" ይለዋል ማግኒ፣ አፉ የማያርፍ ቀዛፊያችን።

"አንተ ልትበላ ስትመጣ ብቻ።"

ኤርቲ ይህን ማቅጠን የተማረው ከደጁ ካለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ሚስቱ ኦስላ የዘይት ዕቃ ስታጥብ ከጣቷ የወደቀች ጠብታ ውሃው ላይ እንደ ተባረረች ትሮጣለች፤ ዓይን እስኪያጣት ድረስ ትሳሳለች። ነፋሱ ሌላውን ውሃ እያሽበሸበ ይመጣና እዚያች ቦታ ሲደርስ የሚጨብጠው ያጣል፤ ውሃው ለጥ ይላል። ኤርቲ ሌላ ዘይት ቢጨምርበት ከዚያ የበለጠ አልለሰለሰም። ትርፉ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ ተንሳፈፈ። ዋናው ነገር መዳረሱ እንደሆነ ከዚያ ገባው።

አንድ ቀን ከሰሜን ምዕራብ የመጣ ወጀብ ሩቁ ባሕር ላይ ያዘን። የነበርነው ሁለት ጀልባዎች ነን፤ የእኛና የኤርቲ ታላቅ ወንድም የላውሪ። የዓሣ መንጠቆውን ገመድ ቆርጠን ጥለን ወደ ቤት ዞርን። ብዙም ሳንሄድ አንድ ማዕበል የላውሪን ጀልባ ሞላት። ውሃውን ቀድተው አወጡ፤ ከሰው የጎደለ አልነበረም።

"ጉበቱ ሄደ!" ብሎ ጮኸ ላውሪ። "ባልዲው ከነጉበቱ ሄደ!"

ወደ ወደባችን የሚገባው በሁለት ቋጥኞች መሀል ነው። እዚያ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይናዳል። ያለ ጉበት በዚያን ቀን የሚያልፍ ጀልባ አልነበረም።

"ሸራውን እስከ ላይ!" አለ ጊቢ።

ነገሩ ገባን፤ ፈጥኖ ከእነላውሪ ሊያርቀን ነው። በእኛ ዘንድ፣ ባሕሩ በዘይት ለአንዱ የተወለትን ቁጣ ከኋላው በሚመጣው ላይ ያወርደዋል ይባላል። ስለዚህ ከኋላ ሰው እያለ ጉበት አይጣልም፤ መጀመሪያ በደንብ መራቅ ያስፈልጋል።

"አባባ፣ ሸራውን ዝቅ ያድርጉልኝ" አለ ኤርቲ። "ይድረሱብን። እኛ ባለሰለስነው ውሃ ላይ ተከትለውን ይግቡ።"

"አብደሃል እንዴ? በገዛ እጅህ ወንድምህን ልትገድለው ነው?"

"ከራቅናቸው ነው የሚሞተው። ዘይቱ እኛ አልፈንም እዚያው ውሃው ላይ ይቆያል። ስንት ጊዜ ወሽመጡ ላይ አይቻለሁ።"

"ወሽመጥ የዳክዬ መዋኛ ነው! ይሄ ባሕር ነው!"

"አይ፣ ቄሱ አሁን ቢኖሩ..." አለ ማግኒ።

"ዝም በል!" አልነው ሁላችንም ባንዴ። ባሕር ላይ ቄስ አይጠራም፤ ክፉ ገድ ነው ይባላል።

ኤርቲ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ዱላውን ከሥሩ ወሸቀው። "እንግዲያው አልወቅጥም። ሸራው ካልወረደ አንዲት ጠብታ ከዚህ አትወጣም።"

"ልጄን ባል አልባ ልታደርጋት!"

"የላውሪም ሚስት የሰው ልጅ ናት።"

ጊቢ መሪውን ለቅቆ ሊመታው አይችል። ቋጥኞቹ ቀርበዋል። እኔ የሸራውን ገመድ እንደያዝኩ የጊቢን ፊት አየሁ፤ ዝናብ ይሁን የባሕር ውሃ በጢሙ ይወርዳል። የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ከተሳደበ በኋላ "አውርደው!" አለኝ።

ጀልባችን ቀስ ስትል ከኋላችን የሚመጣው ውሃ ግድግዳ መሰለ። ኤርቲ ወቀጠ፤ አንጠባጠበ። ማዕበሉ አነሳን፤ አናቱ ግን ስልባቦት እንደያዘ ወተት ደንዝዞ ከጀልባችን ሥር አለፈ። ከግራና ከቀኝ ነጭ ሆኖ ይናዳል፤ እኛ ያለንበት ሰንጥቆ የወጣ ለስላሳ መንገድ ሆነ። የላውሪ ጀልባ አፍንጫዋን እዚያ ውስጥ አስገባች። ጊቢ ዞሮ አላየም። ማየት አልፈለገም።

ከቋጥኞቹ መሀል ስንደርስ ነፋሱ የእነላውሪን ጀልባ ከመንገዱ ጠርዝ አወጣት። ማዕበል ተናደባት፤ አንድ መቅዘፊያ ወሰደ።

"ወደ ለስላሳው!" ብሎ ጮኸ ኤርቲ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። "ላውሪ፣ ወደ ለስላሳው ተመለስ!"

ተመለሱ። ጉበቱ ግን አለቀ። ኤርቲ ባልዲውን በባሕር ውሃ አለቅልቆ እጣቢውን ደፋ። ደግሞ አለቀለቀና ደፋ። ከዚያ ዘይት የጠገበውን የሱፍ ጓንቱን አወለቀና በገመድ አስሮ ከኋላችን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የሚጥለው አልነበረውም፤ ባዶ እጁን የጀልባው ጠርዝ ላይ አድርጎ ወንድሙን ብቻ ያያል።

ጓንቱ እየተጎተተ ገባን። እነሱም ገቡ።

"የምትሄዱት እንደ እርጉዝ ላም ነው" አለ ላውሪ አሸዋው ላይ ተዘርሮ። "ትንሽ ቀርቶን ነበር ልንወጣባችሁ።"

ኤርቲ እጁን ዘርግቶ ከአሸዋው አነሳው። ጊቢ ወደ እነላውሪ ሄዶ የእያንዳንዱን ትከሻ በእጁ ነካ ነካ አደረገና ጀልባውን ወደ ማውጣቱ ተመለሰ።

ጊቢ እስኪሞት ድረስ፣ ያን ቀን ባሕሩ ቁጣውን ዘንግቶ ነው እንጂ ነገሩ ኤርቲ እንዳለው አይደለም ይል ነበር። ነገር ግን በክፉ አየር ከኋላው ጀልባ ካየ፣ ማንም ሳይጠይቀው "ሸራውን ዝቅ አድርግ" ይለኝና ጉበቱን እንዲወቅጥ ኤርቲን በክርኑ ይጎሽመው ነበር።