ሳልጽፈው የቆየሁት ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በኮምፒዩተር መረጃ ሲፈለግ ቃላትን «እና»፣ «ወይም»፣ «ሳይጨምር» እያሉ ማጣመር ያለውን ጥንካሬና ድክመት ጻፉ ተብለዋል። ጥንካሬውን ወዲያው ነገርኳት፤ የጠየቅሽውን ብቻ ይሰጥሻል፣ ለምን እንደሰጠሽም ታውቂያለሽ አልኳት። ድክመቱ ላይ ስደርስ ግን ሐሳቤ ወደ ሃያ ሦስት ዓመቴ ሄደ።

ያኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። የክፍላችን ሀብት ተማሪዎች በየገጠሩ ዞረው የቀዱት የሽማግሌዎችና የእናቶች ጨዋታ ነው፤ በካሴት። ዝርዝሩ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተመዝግቧል። የሶማሊኛውን አድምጦ የሚተረጉመው ማህዲ ነበር። እሱ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፣ እኔ የከዚራ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ። በመሃላችን ያለውን የደቻቱን ወንዝ፣ ጎርፍ ካልመጣ፣ አሸዋውን ረግጦ መሻገር ይቻላል። ሃይማኖታችን ግን ለየብቻ ነበርና ቤተሰቦቻችን እንዲህ በቀላሉ አይሻገሩም።

አንድ ቀን ከጀልዴሳ አደር ፋራህ መጡ። «አደር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ጠራናቸው። ባለቤታቸው ሐሊማ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። በሕይወት ሳሉ ተማሪዎች ድምፃቸውን ቀድተው ነበር።

«ፎቶ የላትም» አሉ። «ድምጿን ብቻ አሰሙኝ።»

«ሐሊማ እና ጀልዴሳ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም አለኝ። በሐመሩ ሐ የጻፍኩትን በሃሌታው ሀ ቀየርኩት፤ ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ሴቶች ናቸው። አሁንም የለም። መዝጋቢው ስም ሳይጠይቅ «አንዲት እናት» ብሎ አልፎ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መዝግቦ እንደሆነ ብዬ «እናት ወይም ጀልዴሳ» ስለው ደግሞ ስልሳ አራት ካሴት ዘረገፈልኝ። ሐሊማ ዘፋኝ አልነበሩምና «ዘፈን ሳይጨምር» ልል ስል ማህዲ ከለከለኝ።

«ወሬ መሃል አንድ ስንኝ አንጎራጉረው ከሆነስ? እሳቸውም አብረው ይቀሩብናል።»

ስለዚህ አንድ በአንድ ማድመጥ ጀመርን። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ጸጥ ሲያሰኘው፣ እኛ ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጠን ማዳመጫውን ለሁለት ጆሮ እንካፈላለን። ማህዲ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ሙሸበክ ያመጣል፤ ጣቶቻችን በስኳር ይጣበቃሉ። በካሴቱ አንዲት እናት ስለ ግመል ይናገራሉ፣ እሱ ትንሽ ቆይቶ በለሆሳስ ይተረጉምልኛል። ያ «ትንሽ ቆይቶ» ልቤን ያስጠብቀው ነበር።

አደር ፋራህ በየማክሰኞው የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። በሁለተኛው ማክሰኞ ሊሄዱ ሲነሱ፣ «የጉድጓዱን ነገር ነው የተናገረችው» አሉ። «የደረቀብን ዓመት።»

ወዲያው ገባኝ። «ጀልዴሳ እና ጉድጓድ» ብል ስልሳ አራቱ ወደ ጥቂት ይወርዳሉ። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበር። አልጻፍኩም። ሐሊማ ከተገኙ እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ያበቃሉ።

በሦስተኛው ማክሰኞ «ገና እየፈለግን ነው፣ አደር» አልኳቸው።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በአራተኛው አልመጡም። ከዚያ አካባቢ የሚመላለስ ሾፌር ታመዋል አለን። ያን ጊዜ ቃሉን ጻፍኩት። ሁለት ካሴት መጣ፤ ሁለተኛው የሐሊማ ነበር።

አደር ፋራህ ከአሥር ቀን በኋላ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። መሃል ላይ በሆነ ነገር ሳቁ። ሲያልቅ «ዛሬም ስታወራ ትቸኩላለች» አሉና እንድንደግምላቸው ጠየቁን።

ከሸኘናቸው በኋላ፣ «ቃሉን ቀድሜ አውቀው ነበር» አልኩት ማህዲን።

ካሴቱን ወደ ማኅደሩ እየመለሰ፣ «እኔም የዚያን ዕለት ጉድጓድ ሲሉ ሰምቻቸው ነበር» አለ።

ማዳመጫውንም ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ዓመት ሳይሞላ ጅቡቲ ሥራ አገኘና ሄደ። እዚያው አግብቶ ወልዷል ሲሉ ሰማሁ።

ያን ታማሚ ሽማግሌ ማስጠበቄ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ይህንንም እያወቅኩ እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች እናፍቃለሁ። ማህዲ የተረጎመልኝን አልረሳሁም፤ የድርቁን ዓመት፣ የግመሎቹን ስም ሳይቀር አስታውሳለሁ። ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል። ያን ሁሉ ሰው ስናደምጥ፣ እሱን ልቅዳው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።