የሐቢባ ጣሳ

ሐቢባ ከወሎ የመጣች መበለት ነበረች። ቁሓ ከተማ ዳር ባለው ሰፈራችን አሥራ አንድ ዓመት የሕዝቡን የውሃ ቦኖ ጠበቀች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ በአራት ቀን፣ አንዳንዴ በሳምንት። ሲመጣ መጀመሪያ በጣሳዋ ትቀዳና «ቢስሚላህ» ብላ ራሷ ትጠጣለች። ሳትቀምስ ለማንም አትቀዳም። እኛም «ሐቢባ ለውሃ ዳኛ ሆነች» እያልን እንስቅባት ነበር።

ከቦኖው ከፍ ብሎ የሓድጉ የጎመን ማሳ አለ። ቧንቧው ከእኛው መስመር የተቀጠለ ነው። ሓድጉ ፈረቃው እንዳያመልጠው ቧንቧውን ከፍቶ፣ የተገጠመለትን ጎማ ጫፍ በርሜል ውስጥ ነክሮ ይሄዳል። በርሜሉ ደግሞ የተባይ መድኃኒት የሚበጠብጥበት ነው።

አንድ ቀን ሐቢባ ማሳው ድረስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ሓድጉ፣ ጎማህን አውጣው። ከበርሜሉ አፍ ስንዝር ከፍ አድርገህ እሰረው።»

«ለምን ኣደይ?» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ወደ ኋላ ይስባል። ጣቴን አስጠግቼ አይቻለሁ፣ እንደ ጥጃ ነው የሚጠባው። የበርሜልህን ጠጥቶ ለእኛ ያመጣዋል።»

ሓድጉ ሳቀ። «የወሎ ቧንቧ ጡት ይጠባል እንዴ? ከፍ ካደረግኩት ውሃው እየተረጨ ይባክንብኛል። ግድ የለም፣ ነገ አየዋለሁ።»

ነገ እያለ ወር አለፈ። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ውሃ ስድስት ቀን ጠፍቶ መጣ። ሰልፉ መንገድ ደርሷል፤ የእኔ ጀሪካን ከፊት ነበር። የልጅ ልጄ ትኩሳት ይዟት ስለነበር ሐቢባን «ዛሬ እንኳ ቅምሻውን ተይው» አልኳት። ጣሳዋን ሞልታ ጠጣች። ፊቷ ተለወጠ። ቦኖውን ቆልፋ ቁልፉን ጉያዋ ከተተች።

«ማንም አይቀዳም!»

«ለማን ልትሸጪው ነው?» ብለው ጮኹባት። እሷ ቦኖው ሥር ተቀመጠች። ምራቋ መቆም አቃተው። ቁልፉን ግን አልሰጠችም።

ሓድጉ እየሮጠ መጣ፤ በርሜሉን ጎድሎ አግኝቶታል። በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሳት። በማግስቱ ሞተች። ሓድጉ መቃብሯን ከሙስሊሞቹ ጋር ሲቆፍር ቀና ብሎ ሰው አላየም።

አሁን ጎማው ከበርሜሉ ስንዝር ከፍ ብሎ በሽቦ ታስሯል። ውሃው እየተረጨ ይባክናል፤ ማንም ምንም አይልም። ጣሳዋ እኔ ዘንድ ነው። ፈረቃ ሲደርስ ለልጅ ልጄ ከመስጠቴ በፊት እጠጣበትና፣ ጥቂት እጠብቃለሁ።